ለሶሌታዬ ሙሌት ለደከሙልኝ ፎርማን የቀረበ ምስጋና

በደብረ ብርሃን የማሠራው ባለ አንድ ፎቅ ቤት ሶሌታ (የፎቁ የኮንክሪት ንጣፍ) ባለፈው ኅዳር ተሞልቶ ካሳፎርማው (ኮንክሪቱን የያዘው ጣውላ) ያለ አንዳች እንከን ስለተነሳ፣ ለዚህ ያበቁኝን አንጋፋ ፎርማን በአደባባይ ለማመስገንና በሰሜን ሸዋ ቤት ለሚሠሩ ሁሉ ለመጠቆም እወዳለሁ። ስማቸው እንዳይጻፍ ስለጠየቁኝ «ጋሼ» እያልኩ እቀጥላለሁ።

እርሳቸውን የፈለግኋቸው ሁለት ምሰሶዎች ከተበላሹብኝ በኋላ ነበር። ቀድሞ የያዝኩት ሠራተኛ ውህዱ እንዲላላለት ውኃ ያለ ልክ ይጨምር ስለነበር፣ ጣውላው ሲፈታ ጠጠሩ አግጥጦ ፌሮው ሳይቀር ታየ። አንድ ኬሚካል ሻጭ ደግሞ ውህዱን የሚያላላ ፈሳሽ ከጨመርኩ ሲሚንቶ መቆጠብ እንደምችል ነግሮኝ ስለነበር፣ ለጋሼ ያቀረብኩት የመጀመሪያ ጥያቄ ስንት ከረጢት ልቀንስ የሚል ነበር። ሳቁብኝ። ድብልቁ በላቦራቶሪ ተሰልቶ ቢሆን እንደሚቻል፣ በሳጥን እየተሰፈረ በሚሠራ ቤት ግን መቀነስ ያለበት ውኃው እንጂ ሲሚንቶው እንዳልሆነ አስረዱኝ።

እንደ እርሳቸው አገላለጽ፣ ሲሚንቶ ውኃ ሲነካው እየተጓጎለ በመካከሉ ውኃ ያምቃል፤ ሱፐር ፕላስቲሳይዘር የሚባለው ፈሳሽ ቅንጣቶቹን ስለሚበታትናቸው የታመቀው ውኃ ተለቆ ውህዱ በጥቂት ውኃ ይላላል። ትርፍ ውኃ ግን ሲተን ባዶ ቀዳዳ ትቶ ስለሚሄድ ኮንክሪቱን ያደክመዋል። ይህን በቃል ብቻ አልተዉትም፤ ሙሌቱ ሦስት ቀን ሲቀረው በአንድ ከረጢት ሲሚንቶ ሞክረው አሳዩኝ። በዕቃው ላይ የተጻፈውን መጠን አንብበው ከሲሚንቶው ክብደት 1 በመቶ፣ ማለትም ለ50 ኪሎ ግማሽ ኪሎ፣ በሚዛን መዝነው ከውኃው ጋር ቀላቀሉት። ቀድሞ 30 ሊትር ይፈጅ የነበረው ውህድ በ25 ሊትር ያንኑ ያህል ላላ። መጠኑ ሲበዛ ጠጠሩ ከአሸዋውና ከሲሚንቶው እንደሚለይና መጠንከሩም እንደሚዘገይ ስለሚያውቁ፣ በሙሌቱ ዕለት በጣሳ እየገመተ ሊጨምር የሞከረውን ልጅ ከሚክሰሩ አጠገብ አስነሥተውታል።

ከሁሉ የማደንቅላቸው ግን የከለከሉኝን ነው። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ በመሆኗ የኅዳር ውርጭ አስፈርቶኝ ኮንክሪቱ ቶሎ እንዲጠነክር ማፋጠኛ ኬሚካል ገዝቼ ነበር። ጋሼ ጽሑፉን አይተው ካልሲየም ክሎራይድ እንዳለበት ሲረዱ፣ ፌሮ ያበላሻል ብለው አስመለሱኝ። በምትኩ ሙሌቱን ከጠዋቱ 2 ሰዓት አስጀምረው ከቀኑ 8 ሰዓት በፊት አስጨረሱ፤ ሌሊት በላስቲክና በገለባ አስሸፈኑ፤ ቀን ቀን ደግሞ ለ14 ቀናት ውኃ አስጠጡት። ሸዋ ሮቢት ሲሠሩ፣ በዚያ ሙቀት ውህዱ ቶሎ እንዳይጠነክርባቸው፣ የሚጠቀሙት ማዘግያ እንደሆነ ነግረውኛል፤ ለደጋው የሚበጀው ለቆላው እንደማይሆን ያወቅሁትም ያን ጊዜ ነው።

አንድ ቅሬታ ብቻ አለኝ፤ ስልክ ቶሎ አያነሱም። ሙሌት ያሰባችሁ ቢያንስ ከሁለት ሳምንት በፊት በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ ፈቃዳቸውን ጠይቄ አገናኛችኋለሁ። ለሙከራው የሚሆን አንድ ከረጢት ሲሚንቶ ግን ከወዲሁ አዘጋጁ፤ ያለ እርሱ ሥራ አይጀምሩም።