ስላይድ በዶላር አትግዙ፦ የ5ጂ አማካሪ ልትቀጥሩ ላሰባችሁ

ይህ ጽሁፍ በቴሌኮም ኦፕሬተር ቤት የግዢ ሰነድ ለምትፈርሙ፣ በቴክኒክ ግምገማ ኮሚቴ ለምትቀመጡ፣ ለፋብሪካም ሆነ ለባንክ የግል ኔትወርክ ለመዘርጋት አማካሪ ለምትፈልጉ ነው። ገበያው ላይ ደጋግሞ የሚመጣ አንድ ዓይነት ውል አለ። ስሙ «የ5ጂ ሽግግር ስትራቴጂ» ወይም «የኔትወርክ ማዘመኛ ፍኖተ ካርታ» ይባላል። ጊዜው ከስምንት እስከ አሥራ ሁለት ሳምንት፣ ክፍያው በዶላር፣ የምትረከቡት ደግሞ መቶ ሃምሳ ገጽ ስላይድ። አማካሪ መቅጠር በራሱ ጥፋት አይደለም፤ ሥራውን የሚያውቅ ሰው ለሁለት ሳምንት ቢመጣ ከክፍያው ብዙ እጥፍ ሊያድናችሁ ይችላል። የሚያስከስረው ውሉ የሚጻፍበት መንገድ ነው።

ከሁሉ የከፋው «ካዳንኩላችሁ ገንዘብ ላይ ትከፍሉኛላችሁ» የሚለው አንቀጽ ነው። ሲሰሙት ደስ ይላል፤ ካላተረፋችሁ አልበላም እንደማለት ነው። ስሌቱን ግን እንየው። የሬዲዮ ዕቃው በአቅራቢው የዋጋ ዝርዝር 10 ሚሊዮን ዶላር ነው እንበል። በዝርዝር ዋጋ የሚገዛ ኦፕሬተር የለም፤ እናንተም ባለፈው ጨረታ ያንኑ መጠን በ4.2 ሚሊዮን ገዝታችኋል። አማካሪው ተደራድሮ 4 ሚሊዮን ያደርሰዋል። በእናንተ ሂሳብ የተረፈው 200 ሺህ ነው። በውሉ ሂሳብ ግን መነሻው የዝርዝር ዋጋው ስለሆነ «የዳነው» 6 ሚሊዮን ይሆንና 10 በመቶው፣ 600 ሺህ ዶላር፣ ይከፈላል። 200 ሺህ ለማትረፍ 600 ሺህ! መነሻው የአቅራቢው ዝርዝር ሳይሆን እናንተ ለመጨረሻ ጊዜ በአንድ ዕቃ የከፈላችሁት ዋጋ ነው ተብሎ በውሉ ይጻፍ። አማካሪው ይህን አልቀበልም ካለ ስብሰባው እዚያው ይብቃ።

ሁለተኛው ወጥመድ የአዋጭነት ስሌቱ ነው። ሪፖርቱ በፒዲኤፍ ይመጣና ኤክሴሉ ሲጠየቅ «ሞዴሉ የድርጅታችን አእምሯዊ ንብረት ነው» ይባላል። አንዳንዴም ይሰጣችኋል፤ ፎርሙላው ተነስቶ ቁጥሩ ብቻ ቀርቶ። ለመፈተን አምስት ደቂቃ ይበቃል። ግምቶቹ የሰፈሩበትን ገጽ ክፈቱ፣ ከአንድ ደንበኛ በወር ይገኛል የተባለውን ገቢ በ10 በመቶ ቀንሱ፣ ከዚያ በመጨረሻው ገጽ ላይ ያለውን የትርፍ ቁጥር እዩ። ንቅንቅ ካላለ የተሰጣችሁ የሞዴል ፎቶ ነው። የበጀት ዓመታችሁ ሐምሌ 1 የሚጀምር ሆኖ ሠንጠረዡ ከጃንዩዋሪ ከጀመረ ደግሞ የማን አገር ሪፖርት እንደተገለበጠ መጠየቅ ትችላላችሁ። የሌላ አገር ገንዘብ ስም በግርጌ ማስታወሻ ውስጥ ተረስቶ መገኘቱም ብርቅ አይደለም።

ወደ ቴክኒኩ እንግባ። ስላይዱ አብዛኛውን ጊዜ «ተፎካካሪያችሁ ቀድሟችኋል» ብሎ ይጀምራል። ኢትዮ ቴሌኮም በግንቦት 2014 ዓ.ም. በአዲስ አበባ 5ጂን ለሙከራ መክፈቱ፣ ሳፋሪኮም በ2013 ዓ.ም. ለፈቃዱ 850 ሚሊዮን ዶላር መስማማቱ ይጠቀሳል። ቀጥሎ ዓለም አቀፍ የእድገት ትንበያ ይከተላል። የሚጎድለው ግን እናንተ ቤት ተቀምጦ ያለው ቁጥር ነው፤ ከደንበኞቻችሁ ስንቱ 5ጂ የሚቀበል ቀፎ ይዟል? ይህን ለማወቅ ለማንም መክፈል አያስፈልግም። የእያንዳንዱ ቀፎ መለያ፣ አይኤምኢአይ፣ የመጀመሪያዎቹ ስምንት አሃዞች የስልኩን ሞዴል ይናገራሉ። የአንድ ወር መዝገብ ከኮር ኔትወርኩ (ደንበኛን ከሚመዘግበውና ትራፊኩን ከሚመራው ማዕከል) አውጡ፣ ስምንቱን አሃዞች ከቀፎ ዝርዝር ጋር አገናኙ፣ በሳይት፣ ማለትም በየማማ ጣቢያው፣ ለዩት። የዳታ ክፍላችሁ በሳምንት ይጨርሰዋል። ውጤቱ ከ5ጂ ስልክ ባለቤቶች ብዙዎቹ በጣት በሚቆጠሩ ሰፈሮች ዙሪያ እንደሚውሉ ካሳየ «በሦስት ዓመት ሁሉንም ከተማ» የሚለው ዕቅድ ገና ሳይጀመር ወደቀ።

ከዚያ ኤንኤስኤ ወይስ ኤስኤ ብላችሁ ጠይቁ። የመጀመሪያው 5ጂ በነባሩ 4ጂ ጀርባ ላይ ተጭኖ የሚሠራበት ነው፤ ስልኩ መጀመሪያ በ4ጂ ይገባል፣ ኮሩም የ4ጂው ነው። ሁለተኛው የራሱ ኮር አለው። ተደጋግሞ የሚታየው ስህተት ይህ ነው፦ የወጪው ገጽ ርካሹን፣ ኤንኤስኤን፣ ይዞ የገቢው ገጽ ኔትወርክን ለፋብሪካ፣ ለሆስፒታል፣ ለወደብ ቆራርጦ በመሸጥ የሚገኝ ገቢ ይቆጥራል። ኔትወርክ ስላይሲንግ የሚባለው ይህ አገልግሎት የኤስኤ ኮር ይፈልጋል። በበግ ዋጋ የበሬ ሥጋ ተቆጥሯል።

የሽፋን ካርታውን አትመኑት፤ ቀለሙ ይሸውዳል። በየትኛው የሲግናል መጠን ነው «ተሸፍኗል» የተባለው? ከ−120 ዲቢኤም (የሲግናል ጉልበት መለኪያ ነው፤ ቁጥሩ ወደ ዜሮ በቀረበ መጠን ሲግናሉ ይጠነክራል) በላይ ያለውን ሁሉ አረንጓዴ ቀብቶ የሚያመጣ አለ፤ በዚያ መጠን ስልኩ አንድ እንጨት ያሳያል እንጂ ቪዲዮ አይከፍትም። ቢያንስ −105 ላይ፣ ለቤት ውስጥ ደግሞ የግድግዳውን ኪሳራ ጨምሮ እንዲሣል እዘዙ። በ3.5 ጊጋኸርዝ፣ በ5ጂው ባንድ፣ የሚላክ ሲግናል በ1800 ሜጋኸርዝ ከሚላከው ይልቅ በእኩል ርቀት 6 ዲቢ ገደማ ይዳከማል፤ ሩቡ ደረሰ ማለት ነው። ባለ 64 አንቴናው ሬዲዮ ሞገዱን ወደ ተጠቃሚው ስለሚያነጣጥር ወደ ታች የሚወርደውን ያካክሰዋል። ወደ ላይ የሚመለሰው ግን 0.2 ዋት ከምትተፋ ስልክ ነውና መጀመሪያ የሚበጠሰው እሱ ነው። ቆርቆሮ ጣሪያ ያለው ቤት፣ ኮንክሪት ፎቅ ውስጥ ያለ ምድር ቤት፣ በመስተዋት የተሸፈነ ሕንፃ በየራሳቸው ይለኩ። መኪና ላይ በተጫነ አንቴና የተለካ ካርታ የቤት ውስጥ አገልግሎትን አይናገርም። ጥሬውን የድራይቭ ቴስት (በመኪና እየተዞረ የተለካውን) ፋይል ተረከቡ፤ ምስሉን ብቻ አትቀበሉ።

ሳይቱ ራሱ ላይ ስትደርሱ ነው ገንዘቡ የሚፈስሰው፣ ስላይዱም ዝም የሚለው እዚህ ላይ ነው። ባለ 64 አንቴናው ሬዲዮ በሙሉ ጭነት 1 ኪሎዋት ገደማ ይበላል፤ ሦስት ሴክተር፣ ማለትም ሳይቱ የሚያሰራጭባቸው ሦስት አቅጣጫዎች፣ 3 ኪሎዋት። መብራት ለአራት ሰዓት ቢጠፋ 12 ኪሎዋት ሰዓት ያስፈልጋል፤ በ48 ቮልት ሲካፈል 250 አምፒር ሰዓት። ሊቲየም ባትሪውን እስከ 80 በመቶ ብቻ የምታወጡ ከሆነ ከ310 በላይ መግዛት አለባችሁ፤ ይህ ለአዲሱ ዕቃ ብቻ ነው፣ ነባሩ 2ጂ፣ 3ጂና 4ጂ አልተቆጠረም። ሬክቲፋየሩ (የመብራቱን ኃይል ወደ 48 ቮልት የሚቀይረው) ያን ያህል ይሸከማል? የጄነሬተሩ ነዳጅ በማን በጀት ነው? ማማው በነፋስ ጭነት ተሰልቷል? እነዚህን የማይመልስ ሪፖርት ስለ ሳይት አያውቅም።

ሳይቱን ከኮሩ ጋር የሚያገናኘው መመለሻ መስመርም እንደዚያው ነው። 100 ሜጋኸርዝ ያለው አንድ ሴክተር ብቻውን ከ1 ጊጋቢት በላይ ሊጠይቅ ይችላል፤ በሳይቱ ላይ ያለው የድሮ የማይክሮዌቭ ሬዲዮ ሊንክ ግን ጥቂት መቶ ሜጋቢት ነው የሚያሳልፈው። ፋይበር ወይም የ80 ጊጋኸርዝ ሊንክ የግድ ነው፤ የኋለኛው ደግሞ ዝናብ ይፈራል። ለጥቂት ኪሎ ሜትር የታቀደ ሊንክ ደረቅ ወራት ላይ ተለክቶ «ይሠራል» ከተባለ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ምን እንደሚሆን ይጻፍላችሁ። የጊዜ ማመሳሰያውን ከወጪው የሚረሱም አሉ። የ3.5 ጊጋኸርዙ የ5ጂ ባንድ መላክና መቀበልን በጊዜ ስለሚያፈራርቅ ሳይቶቹ በ1.5 ማይክሮሰከንድ ውስጥ መስማማት አለባቸው። ጂፒኤስ አንቴና ወይም ፒቲፒን (ትክክለኛ ሰዓትን በኔትወርኩ የሚያስተላልፈውን ስልት) የሚደግፍ ራውተር ካልተገዛ አንዱ ሳይት ሲናገር ሌላው እየሰማ ነውና ይረባበሻሉ። አጠገባችሁ ያለ ባንድ የያዘ ሌላ ኦፕሬተርም በተመሳሳይ ፍርርቅ ካልሄደ ችግሩ ያው ነው።

የውጭ አገር ምሳሌ ሲጠቀስላችሁ የወደቀውንም ጠይቁ። ደቡብ ኮሪያ እ.ኤ.አ. በ2018 ለሦስት ኦፕሬተሮች የ28 ጊጋኸርዝ ባንድ ሸጠች፤ እያንዳንዳቸው 15,000 ጣቢያ እንዲተክሉ ግዴታ ነበረባቸው። የተተከለው ከግዴታው በጣም ያነሰ ሆነና የኬቲና የኤልጂ ዩፕላስ በ2022 መጨረሻ፣ የኤስኬ ቴሌኮም በ2023 ተነጠቀ። ይህ በስላይድ ላይ አይገኝም።

«3ጂን አጥፍታችሁ ባንዱን ለአዲሱ ስጡት» የሚለው ምክርም ተጠንቅቃችሁ ስሙት። በአሜሪካ ትልልቆቹ ኦፕሬተሮች 3ጂን በ2022 ጨርሰዋል፤ እዚያ ግን ጥሪው አስቀድሞ ወደ ቮልቲ፣ በ4ጂ ላይ ወደሚሄድ ድምፅ፣ ተዛውሮ ነበር። ቮልቲ ያልተከፈተለት የ4ጂ ስልክ ጥሪ ሲመጣ ወደ 3ጂ ይወርዳል። 3ጂ ከሌለ ወደ 2ጂ ይወርዳል፤ ጥሪው እስኪያልቅ ዳታው ይቆማል ወይም ይንፏቀቃል። ደንበኛው የሚያየው «ስልክ ሳወራ ኢንተርኔት ይሞታል» የሚለውን ነው፣ ስልኩም አዲስ ነው። አውስትራሊያ 3ጂን ማጥፋቷን እስከ ጥቅምት 2024 (እ.ኤ.አ.) ድረስ ያራዘመችው አንዳንድ ስልኮች በ4ጂ ላይ የአደጋ ጥሪ ማድረግ እንደማይችሉ ስለታወቀ ነው። በ2ጂ ሲም የሚሠሩትን የባንክ ፖስ ማሽኖች፣ ቆጣሪዎችና የመኪና መከታተያዎች ሳትቆጥሩ ምንም አታጥፉ።

ስለ ሰዎቹ ባጭሩ፦ ፕሮፖዛሉ ላይ ሃያ ዓመት ልምድ ያለው ሰው ሲቪ ይያያዛል፣ ሥራ ሲጀመር የሚመጡት ከዩኒቨርሲቲ በቅርቡ የወጡ ናቸው። ውሉ ላይ ስማቸው፣ በአካል የሚገኙበት የቀን ብዛትና ያለፈቃዳችሁ እንደማይቀየሩ ይጻፍ። ያው አማካሪ ለዕቃ አቅራቢም እየሠራ እንደሆነ በጽሁፍ እንዲገልጽ አድርጉ። ያዘጋጀው ስፔሲፊኬሽን ላይ «ክብደቱ ከ26.5 ኪሎ የማይበልጥ» የመሰለ እንግዳ ቁጥር ካያችሁ የአንዱ ድርጅት ዳታሺት (የዕቃው መግለጫ ወረቀት) ተገልብጧል፤ ሌሎቹ ተጫራቾች ገና ሳይገቡ ወጥተዋል።

የዶላሩ ነገር ሊታለፍ አይችልም። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪው ሥርዓት ሲለወጥ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ግማሽ ዓመት ሳይሞላው ከ120 ብር አልፏል። በብር የጸደቀ በጀት፣ በዶላር የተፈረመ ውል ያለው ድርጅት ምን እንደደረሰበት አስቡት። በአገር ውስጥ የሚሠራው ክፍል በብር ይሁን፤ ለቀሪው የጣሪያ መጠን በብር ይቀመጥ። «ክፍያው ከማንኛውም ግብር የተጣራ ይሆናል» የሚለውን ሐረግ ሰርዙት። ለውጭ ድርጅት ከሚከፈል የቴክኒክ አገልግሎት 15 በመቶ ግብር የሚቀነስ ከሆነ፣ 100 ሺህ የተጣራ ለመክፈል ከካዝናችሁ 117,647 ይወጣል።

አማካሪዎቹ ዳታ ሲጠይቁ የጥሪ መዝገቡን በጥሬው አትስጡ፤ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አለ፣ ተጠያቂዎቹም እናንተ ናችሁ። ስልክ ቁጥሩን በሃሽ (ቁጥርን ወደማይነበብ ኮድ በሚቀይር ስሌት) ለውጠናል ማለት ብቻውን አይበቃም፤ ከ09 በኋላ ያሉት አሃዞች ስምንት ስለሆኑ ሊኖሩ የሚችሉት ቁጥሮች 100 ሚሊዮን ናቸው፣ አንድ ላፕቶፕ ሁሉንም ሞክሮ በደቂቃዎች ውስጥ ይፈታዋል። ለውጭ ሰው የማይሰጥ ምስጢራዊ ቁልፍ ጨምራችሁ ለውጡ፣ ወይም በሳይት የተደመረ ቁጥር ብቻ ስጡ።

ክፍያው እንዲህ ይሁን፦ ቅድሚያ ከ10 በመቶ አይብለጥ፣ እሱም በባንክ ዋስትና። ቀሪው «ሪፖርት ሲገባ» ሳይሆን የቴክኒክ ኮሚቴው ተቀብሎ ሲፈርም ይለቀቅ፤ ቢያንስ 30 በመቶው ፎርሙላው ክፍት የሆነ ኤክሴልና ጥሬ የመለኪያ ፋይል እስኪገባ ይያዝ። ሙሉ ስትራቴጂ ከመግዛታችሁ በፊት ከሃያ እስከ ሠላሳ ሳይት ብቻ የሚለካ የአራት ሳምንት ሥራ እዘዙ፤ ኃይሉ፣ ማማው፣ መስመሩ፣ ቀፎው።

አስቀድማችሁ ፈርማችሁ ከሆነ የሚቀጥለውን ክፍያ ከመልቀቃችሁ በፊት በደብዳቤ ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ክፍት ኤክሴሉን፣ የእያንዳንዱን ግምት ምንጭ፣ ማን ስንት ቀን ሳይት ላይ እንደዋለ የሚያሳይ የሥራ ሰዓት መዝገብ። ደብዳቤው በመዝገብ ቤት ቁጥር ይውጣ፤ በቴሌግራም የተላከ ጥያቄ ክርክር ሲመጣ የለም ማለት ነው።