የቪዲዮ ጥሪ ወይስ የጋራ የጥላ ልኬት? የመጀመሪያ ደረጃ ተማሪዎችን ከሩቅ አገር ክፍል ጋር ለማገናኘት

ብዙ መምህራን መጀመሪያ የሚያስቡት የቪዲዮ ጥሪ ነው። መተያየቱ ልጆችን በእርግጥ ያነቃቃል። ነገር ግን ክፍሉ በሙሉ በአንድ ማይክሮፎን ሲናገር ድምፁ ያስተጋባል፤ የሰዓት ልዩነቱ ሲሰፋ ደግሞ አንዱ ወገን እንቅልፍ ላይ ነው። ጥሪው የሚሠምረው ጥያቄዎቹ ቀድመው ተልከው፣ አራት አራት ልጆች በተራ ሲቀርቡና ከ20 ደቂቃ ሳይበልጥ ነው።

የጥላ ልኬት ሁለቱ ክፍሎች የበትር ጥላ ለክተው የምድርን ዙሪያ በጋራ የሚያሰሉበት ሥራ ነው። እጅን ያሠራል፤ በአንድ ሰዓት መገናኘትም አያስፈልገውም። ሁለቱም ክፍሎች በአንድ ቀን የ1 ሜትር በትር በቱምቢ ቀጥ አድርገው፣ በውሃ ልክ በተፈተሸ ወለል ላይ ያቆማሉ። በየ5 ደቂቃው የጥላውን ጫፍ ምልክት ያደርጋሉ፤ የሚፈለገው አጭሩ ጥላ ነው። የእጅ ሰዓት እኩለ ቀን ሲል አንዴ ብቻ መለካት የተለመደ ስሕተት ነው፤ የፀሐይ እኩለ ቀን፣ ማለትም ጥላው ከሁሉም የሚያጥርበት ቅጽበት፣ ከዚያ ከአንድ ሰዓት በላይ ሊርቅ ይችላል።

ከዚያ በትሩ፣ አጭሩ ጥላና የፀሐይ ጨረር የሚሠሩትን ሦስት ማዕዘን በ1 ለ10 ልኬት ወረቀት ላይ ሥለው፣ በበትሩ አናት ያለውን ማዕዘን በፕሮትራክተር ያነባሉ። ጥላዎቹ ወደ አንድ አቅጣጫ ከወደቁ ማዕዘኖቹ ይቀናነሳሉ፤ ወደ ተቃራኒ ከሆነ ይደመራሉ። ውጤቱ 7.2 ዲግሪ፣ የሰሜን ደቡብ ርቀቱ 800 ኪሎ ሜትር ቢሆን፣ 800 × 360 ÷ 7.2 የምድርን ዙሪያ 40,000 ኪሎ ሜትር ይሰጣል።

የአጋር ምርጫ ወሳኝ ነው። በምሥራቅና በምዕራብ ብቻ የተራራቁ ክፍሎች ማዕዘናቸው አንድ ስለሚሆን ስሌቱ አይሠራም። የአንድ ዲግሪ የንባብ ስሕተት በ7.2 ላይ ውጤቱን 14 በመቶ ገደማ ያዛባዋል፤ በ30 ዲግሪ ላይ ግን 3 በመቶ ብቻ።

እኛ ጥላውን እናስቀድማለን። ጥሪው ከልኬቱ በኋላ ሲደረግ ልጆቹ የሚጠያየቁት የራሳቸው ቁጥር ይኖራቸዋል።