ኤአይ ኤጀንት በቡና ላኪ ቢሮ፦ ከአንድ የምርት ዘመን አገልግሎት በኋላ

ዋናውን ፍርድ ከፊት ላስቀምጥ። ካለፈው የቡና ምርት ዘመን መጀመሪያ አንሥቶ በቢሮአችን የሚሠራው ኤአይ (ሰው ሠራሽ አስተውሎት) ኤጀንት ሰነድ በማመሳከር ረገድ ወጪውን ከበቂ በላይ መልሷል። ለገዢዎች ደብዳቤ እንዲጽፍና እንዲልክ የሰጠነውን ሥራ ግን ነጥቀነዋል፤ የምንመልስለትም አይመስለኝም። ተመሳሳይ ነገር ለመጀመር የሚያስብ ላኪ ወይም አስመጪ የሁለቱን ልዩነት አስቀድሞ ቢያውቅ ብዙ ድካም ይቀርለታል።

ድርጅታችን አዲስ አበባ የሚገኝ አነስተኛ የቡና ላኪ ነው። ከይርጋጨፌ፣ ከሲዳማና ከጉጂ የታጠበና ያልታጠበ ቡና ገዝተን፣ አዘጋጅተን፣ በጅቡቲ ወደብ በኩል እንልካለን። የምንጠቀምበት መሣሪያ ኤንኤይትኤን ይባላል፤ በ2019 እ.ኤ.አ. በርሊን ውስጥ የተጀመረ የሥራ ሂደት ማቀናበሪያ ነው። ኢሜይልን፣ ቴሌግራምን፣ የሰንጠረዥ ፋይሎችንና ሌሎችንም እያያያዙ «ይህ ሲደርስ ያንን አድርግ» ማለት ያስችላል። በራስ ኮምፒውተር ላይ የሚጫነው የማኅበረሰብ እትሙ የፈቃድ ክፍያ የለውም። በዚህ መስመር መካከል የቋንቋ ሞዴል፣ ማለትም ጽሑፍ አንብቦ መልስ የሚጽፍ ኤአይ፣ ሲገባ ኤጀንት ይሆናል፤ የቀረበለትን ሰነድ ያነብና ከተፈቀዱለት መሣሪያዎች የትኛውን እንደሚጠቀም ራሱ ይመርጣል። ሞዴሉን በኤፒአይ (ፕሮግራሞች እርስ በርስ በሚገናኙበት መስመር) በኩል በአጠቃቀማችን ልክ እየከፈልን እናገኘዋለን።

ቡና ልኮ የማያውቅ ሰው ኤልሲ፣ ማለትም ሰነዶቹ ተሟልተው ከቀረቡ እከፍላለሁ ብሎ ባንክ የሚገባው የጽሑፍ ዋስትና፣ ለምን ይህን ያህል እንደሚያስጨንቅ ላይገባው ይችላል። ባንክ የሚከፍለው ቡናውን አይቶ ሳይሆን ወረቀቱን አይቶ ነው። ኢንቮይሱ፣ ቢል ኦፍ ሌዲንጉ (የመርከብ ጭነት ሰነዱ)፣ ፓኪንግ ሊስቱ (የማሸጊያ ዝርዝሩ)፣ የስሪት አገርና የዕፅዋት ጤና ምስክር ወረቀቶቹ ከኤልሲው ጋርም እርስ በርሳቸውም መጣጣም አለባቸው። ባንኮች የሚመሩበት የዓለም አቀፉ የንግድ ምክር ቤት ደንብ፣ ዩሲፒ 600፣ ኤልሲው ሌላ ካላለ በስተቀር ሰነዶቹ ዕቃው በተጫነ በ21 ቀናት ውስጥ እንዲቀርቡ ይጠይቃል። ባንኩ ለምርመራ እስከ 5 የባንክ የሥራ ቀናት አለው። ጉድለት ካገኘ፣ ገዢው እንዳለ እቀበላለሁ እስኪል ድረስ ክፍያው ይንጠለጠላል። በኒውዮርክ ገበያ የቡና ዋጋ በወረደበት ሳምንት ደግሞ ያ ቃል በነጻ አይገኝም፤ ቅናሽ ይጠየቅበታል።

ኤጀንቱ ኤልሲው በደረሰን ዕለት ጽሑፉን አንብቦ የሚጠየቁትን ሰነዶች፣ የመጨረሻውን የመጫኛ ቀንና የዕቃውን መግለጫ ቃል በቃል ያወጣል። ረቂቅ ሰነዶቹ ከትራንዚተሩ (የጉምሩክና የጭነት ጉዳይ ከሚያስፈጽምልን) እና ከመርከብ ወኪሉ ሲመጡ አንድ በአንድ ያመሳክርና ልዩነቶቹን ከነገጻቸው በቴሌግራም ለሰነድ ክፍል ኃላፊያችን ይልካል። መጀመሪያ ላይ ስለ ሁሉም ነገር ይጮህ ነበር። ይርጋጨፌ በላቲን ፊደል በአንዱ ሰነድ በአንድ «ኤፍ»፣ በሌላው በሁለት ከተጻፈ እንደ ትልቅ ጉድለት ያቀርበዋል። ደንቡ ግን ይለያል፦ በኢንቮይሱ ላይ ያለው የዕቃ መግለጫ ከኤልሲው ጋር መስማማት ግዴታው ነው፤ በሌሎቹ ሰነዶች ላይ እስካልተቃረነ ድረስ በጥቅል አነጋገር ሊጻፍ ይችላል። ኃላፊያችን ይህን በራሳቸው አነጋገር፣ ከዓመታት ልምዳቸው ምሳሌ እየጨመሩ ከጻፉለት በኋላ ሪፖርቱ ጥቂት መስመር ሆነ፤ የሚነበብም ሆነ። በረቂቅ ቢል ኦፍ ሌዲንግ ላይ የተዛባ የኮንቴይነር ቁጥር መርከቡ ሳይነሣ መገኘቱ ብቻውን ለእኔ ትልቅ እፎይታ ነው። ያ ስሕተት ኦሪጅናሉ ከታተመ በኋላ ቢገኝ የሚያስከትለውን ምልልስ የሚያውቅ ያውቀዋል።

ከሁሉ በላይ ያሳሰበኝ ነገር ሌላ ነው። የዩሲፒ 600 አንቀጽ 30 የዕቃው መጠን 5 በመቶ ቢበልጥ ወይም ቢያንስ ይፈቅዳል። ፈቃዱ የሚሠራው ግን ኤልሲው መጠኑን በማሸጊያ ቁጥር ካልወሰነ ብቻ ነው። የእኛ ውሎች ደግሞ ብዙውን ጊዜ 320 ጆንያ ይላሉ፤ እያንዳንዱ 60 ኪሎ ሲሆን 19.2 ቶን፣ ማለትም አንድ ባለ 20 ጫማ ኮንቴይነር ይሆናል። ሞዴሉ ጥቂት ጆንያ የጎደለበትን ጭነት ከ5 በመቶው ገደብ አልወጣም፣ ችግር የለበትም ብሎ አሳለፈው። አንቀጹን በትክክል ጠቅሷል፤ አጻጻፉ የባለሙያ ነው፤ ማመንታት የሚባል ነገር የለበትም። ኃላፊያችን ኤልሲውን መልሰው ባያነቡት ኖሮ ወረቀቱ ባንክ ይገባ ነበር።

ከዚያ በኋላ የአሠራሩን መሠረት ቀየርነው። ኤጀንቱ ልዩነት ማንሣት እንጂ ማጽደቅ አይችልም። «ተስማምቷል» የሚል መልስ ከሪፖርቱ ጨርሶ ወጥቷል፤ የሚቀርበው ያገኘው ልዩነትና ያልተነበበለት ገጽ ብቻ ነው። ኤንኤይትኤን መልእክት ልኮ የሰው መልስ እስኪመጣ መስመሩን የሚያቆምበት ዘዴ ስላለው ኃላፊያችን በቴሌግራም ካላረጋገጡ የትኛውም ሰነድ ወደሚቀጥለው ደረጃ አያልፍም። አንድ ነገር ብቻ አጥብቃችሁ ያዙ ብባል ይህን እላለሁ።

ቀንና ሰዓት የራሱ ጣጣ አለው። አቅራቢዎቻችን ደረሰኝ የሚጽፉት በእኛው የዘመን አቆጣጠር ነው። 15/05/2017 ጥር 15 ነው፤ ይህም በጎርጎርዮሳዊው ጃንዋሪ 23 ቀን 2025 ይሆናል። ሞዴሉ ግን የ2017 ሜይ አድርጎ ያነበዋል። ሹፌር «ነገ 3 ሰዓት መጋዘን እደርሳለሁ» ሲል ከጠዋቱ 3 ሰዓት መሆኑን ማንም ያውቃል፤ ሞዴሉ ከሰዓት በኋላ ብሎ ይመዘግባል። ሞዴሉን ደጋግሞ ማስረዳት ዘላቂ መፍትሔ አልሆነም፤ ዛሬ ያስታወሰውን ነገ ይስታል። መፍትሔው ቀኑን እንዳለ አውጥቶ እንዲያስቀምጥ ማድረግና ለውጡን ለትንሽ የኮምፒውተር ፕሮግራም መተው ሆነ። በራሳችሁ ኮምፒውተር ላይ የምትጭኑ ከሆነ መሣሪያው ሲጫን የሚይዘው የሰዓት ቀጠና የኒውዮርክ ስለሆነ በመጀመሪያው ቀን ወደ አዲስ አበባ ቀይሩት።

በዚሁ መንገድ ከሞዴሉ እጅ ያወጣነው ሌላም ሥራ አለ። የአውሮፓ ኅብረት የደን ጭፍጨፋ ደንብ የእያንዳንዱን የቡና ማሳ መገኛ በኬንትሮስና በኬክሮስ፣ ቢያንስ በ6 የአስርዮሽ አሃዝ ይጠይቃል፤ ከ4 ሄክታር በላይ ለሆነ ማሳ ደግሞ ዙሪያ ወሰኑን። ከመስክ በሚመጣው ሰንጠረዥ ሁለቱ ቁጥሮች ቦታ ሲለዋወጡ ይርጋጨፌ ያለ ማሳ ከአልጄሪያ በስተ ሰሜን ሜዲትራኒያን ባሕር ላይ ይወድቃል። ይህን ለመያዝ ሰው ሠራሽ አስተውሎት አያስፈልግም፤ ቁጥሮቹ ከኢትዮጵያ ወሰን ውጪ ከሆኑ ወደ መጡበት መልሳቸው የሚል አንድ የሰንጠረዥ ቀመር ይበቃል፣ አይሳሳትምም። የአርሶ አደሮቹ ስምም ወደ ሞዴሉ እንዳይሄድ አድርገናል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ በኋላ ይህ የጨዋነት ጉዳይ ብቻ አይደለም።

የደብዳቤው ሥራ የተነጠቀበት ምክንያት አጭር ነው። ለገዢ የተላከ ኢሜይል የንግድ ቃል ነው። ሞዴሉ ጨዋ ለመሆን ሲል ያልተዘጋጀ ናሙና በሚቀጥለው ሳምንት እንደሚላክ በረቂቁ ቃል ሲገባ አየሁ፤ ያ በቂዬ ነበር። ከዚህ የከፋም አለ፤ ከውጭ በሚመጣ ኢሜይል ውስጥ የተደበቀ ትእዛዝ ኤጀንትን ሊያስት ይችላል። የባንክ ሂሳብ ቀይረናል በሚሉ አጭበርባሪዎች የሚፈተን የንግድ ዘርፍ ውስጥ ሆኖ የመላኪያ ቁልፍ ለእንዲህ ዓይነት ነገር መስጠት ትክክል አይመስለኝም። አሁን ኤጀንቱ የማንበብ ፈቃድ ብቻ አለው፤ የባንክ ሂሳብ ቁጥሮችን ጨርሶ አያያቸውም። ከአቅራቢዎች በአፋን ኦሮሞና በሲዳምኛ የሚመጡትን የድምፅ መልእክቶች ወደ ጽሑፍ እንዲቀይር የሞከርነውም አልዘለቀም፤ ደውሎ መጠየቅ ይፈጥናል።

ወጪው በዶላር ነው። ብር በሐምሌ 2016 በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ የዶላር ክፍያ ሁሉ በብር ሲታሰብ ከብዷል። እኛ ላኪ በመሆናችን የውጭ ምንዛሪ ሂሳብ ስላለን መክፈሉ አያስቸግረንም፤ የአገር ውስጥ ነጋዴ ግን ይህን ሳያጣራ ሥራ እንዳይጀምር። አማርኛ ጽሑፍ በሞዴሉ ሒሳብ ከእንግሊዝኛው ይበልጥ ያስከፍላል፤ አንድ የግእዝ ፊደል በኮምፒውተር ውስጥ 3 ባይት ሲይዝ የላቲኑ አንድ ብቻ ነው፣ ሞዴሎቹም ፊደላችንን በጥቃቅን እየቆራረጡ ያነባሉ። መብራት መጥፋቱ የፈራነውን ያህል አልጎዳንም። ኢሜይሎቹ ሳይነበቡ ይጠብቃሉ፤ ኮምፒውተሩ ሲነሣ ካቆመበት ይቀጥላል።

በሚቀጥለው ምርት ዘመን የማመሳከሩን ሥራ እንደ ጀመርነው እንቀጥላለን። የሰነድ ክፍል ኃላፊያችን ያተረፉትን ጊዜ ከትራንዚተሮችና ከመርከብ ወኪሎች ጋር ቀድሞ በመነጋገር ያውሉታል፤ የመዘግየታችን ዋና ምክንያት የነበረው ያ ነው። ብዙ ኤልሲ የሚያስተናግድና ሰነድ ጠንቅቆ የሚያውቅ ባለሙያ ያለው ድርጅት ቢሞክረው እመክራለሁ። በወር አንድ ሁለት ኮንቴይነር የሚልክ ሰው በደንብ የተሠራ ኤክሴልና የሁለተኛ ሰው ዓይን ይበቃዋል። የሰነድ ባለሙያ የሌለው ድርጅት ግን በኤጀንት ልተካ ብሎ እንዳይነሣ፤ መጀመሪያ ባለሙያውን ይቅጠር።