ፍሬን ለማይወድ የተሠራ፦ ኮማንሳል ሱፕሪም 29 ከአንድ ሙሉ ወቅት በኋላ

ስለ ቁልቁለት ብስክሌት ሰዎች መጀመሪያ የሚጠይቁት ስንት እንደሚመዝን ነው። ወደ 17 ኪሎ ይመዝናል። ክብደቱን ግን ከዚህ በኋላ አላነሣውም ማለት ይቻላል፤ ኮማንሳል የተባለው ኩባንያ የሠራው ይህ ሱፕሪም ብስክሌት ዳገት አይወጣም። ወደ ላይ የሚያደርሰው የገመድ ማመላለሻ ነው። ሥራው ከዚያ ወዲያ ባሉት ሦስትና አራት ደቂቃዎች ውስጥ ተጀምሮ ያልቃል፤ ዲዛይኑም ለእነዚያ ደቂቃዎች ብቻ የታሰበ ነው።

የምኖረው ጄኔቫ ነው። በፈረንሳይ አልፕስ ተራሮች ያሉት ሌ ዤ እና ሞርዚን ከከተማው በመኪና የአንድ ሰዓት ገደማ መንገድ ናቸው። ማመላለሻዎቹ በዋናነት ለብስክሌት የሚከፈቱት ከሰኔ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ባለው ጊዜ ስለሆነ፣ በእነዚያ ወራት ቅዳሜና እሁድ እኔን ለሌላ ጉዳይ መፈለግ ከንቱ ድካም ነው። ብስክሌቱን የገዛሁት ያገለገለ ነው። ቴላዮው አልሙኒየም፣ ጎማዎቹ ሁለቱም 29 ኢንች፣ ከኋላ ያለው አሞርዛተር ባለ ሞላ ነው። ጎማው እንቅፋት ሲመታ ወደ ላይ የሚሸሽበት ቦታ ከፊትም ከኋላም 200 ሚሊሜትር ያህል ነው። ፈረንሳዊው አሞሪ ፒየሮን እ.ኤ.አ. በ2018 የቁልቁለት ብስክሌት የዓለም ዋንጫን አጠቃላይ ድል የወሰደው በሱፕሪም ነው። የእኔና የእርሱ ተመሳሳይነት ግን ከብስክሌቱ አያልፍም።

200 ሚሊሜትር ብርቅ አይደለም፤ ለውድድር የሚሠሩ የቁልቁለት ብስክሌቶች ሁሉ በዚያው አካባቢ ናቸው። ሱፕሪምን የሚለየው ጎማው ምን ያህል እንደሚሸሽ ሳይሆን ወዴት እንደሚሸሽ ነው። በአብዛኞቹ ብስክሌቶች ላይ የኋላውን ጎማ የያዘው ክንድ የሚዞርበት ማጠፊያ ከፔዳሎቹ ብዙ አይርቅም። ጎማው ድንጋይ ሲመታ ወደ ላይ ይነሣል፤ ጠልቆ ሲሄድ ደግሞ ወደ ፊት ያዘነብላል። ድንጋዩ ግን የሚገፋው ወደ ኋላ ነው። ሁለቱ ሲጋጩ ፍጥነት ይባክናል፤ ምቱም ተረከዝ ላይ ይደርሳል። የሱፕሪም ነዳፊዎች ማጠፊያውን ከጎማው እምብርት በላይ ከፍ አድርገው ሰቀሉት። ጎማው የሚያልፍበት ቅስት በዚህ ምክንያት ወደ ኋላና ወደ ላይ ሆነ፤ ማለትም ድንጋዩ ወደሚገፋው አቅጣጫ።

ይህ በወረቀት ላይ ትንሽ ነገር ይመስላል። ሥርና ስለታም ድንጋይ በበዛበት ቁልቁለት ላይ ግን ልዩነቱ ወዲያው ይታወቃል። እግሬ ሥር ትርምሱ ይሰማኛል፤ ግን ብስክሌቱ አይደናቀፍም። እንቅፋቱን አልፌ ስወጣ የገባሁበት ፍጥነት አብሮኝ አለ። ውድድር በሰከንድ ክፍልፋይ በሚወሰንበት ስፖርት ውስጥ ከዚህ የበለጠ ምን ይፈለጋል?

ከፍ ያለ ማጠፊያ ብቻውን ቢተው ግን ሌላ ጣጣ ያመጣል። ጎማው ወደ ኋላ በሸሸ ቁጥር ከፔዳሎቹ ይርቃል፤ ሰንሰለቱም ይወጠርና ፔዳሉን ይዞ እግርን ወደ ኋላ ይመታል። የሰንሰለት ጉልበት ምን ያህል እንደሆነ ለመረዳት እ.ኤ.አ. በ2015 ኦስትሪያ ውስጥ ሊዮጋንግ ላይ የሆነውን ማስታወስ ይጠቅማል። አሜሪካዊው ተወዳዳሪ አሮን ግዊን ገና ከመነሻው ሰንሰለቱ ተበጠሰበት፤ ያለ ሰንሰለት ወርዶ ውድድሩን አሸነፈ። በእርግጥ ግዊን ግዊን ነው፤ ሰንሰለት የሌለው ብስክሌት አሞርዛተር ግን ነጻ ሆኖ እንደሚሠራ ከዚያ ቀን ወዲህ የሚጠራጠር ሰው አላጋጠመኝም። ሱፕሪም ላይ የተሰጠው መፍትሔ አንዲት ተጨማሪ ባለ ጥርስ መዘውር ናት። ሰንሰለቱ ወደ ኋላ ከመሄዱ በፊት በማጠፊያው አጠገብ ባለችው በዚህች መዘውር ላይ ስለሚሻገር ጎማው ቢሸሽም ብዙ አይወጠርም። እግሬ ጸጥ ብሎ ይቆማል።

የጥገና ወጪና ድካምም ከዚህችው መዘውር ይጀምራል። ሰንሰለቱ ከተለመደው ይረዝማል። ጭቃ ሲበዛ መዘውሯ ማጉረምረም ትጀምራለች፤ ዘይት ካልተጨመረላት ደግሞ በገመድ ማመላለሻው ተራ ላይ የቆመው ሰው ሁሉ ዞሮ ያያችኋል። ጥርሷ በጊዜ ይበላል፣ ኩሽኔታዋም ግራሶ ትፈልጋለች። ሞርዚን ላይ ዝናብ ጥሎ በሚያድርበት ሳምንት ማታ ማታ ሰንሰለት ሳልጠርግ ተኝቼ አላውቅም። ይህን ጉድለት አልለውም፤ ሲገዙት የሚታወቅ የምርጫው ዋጋ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ፤ ፍሬን። ሞርዚን ላይ ፕሌኔ የሚባለውን መስመር የሚያውቅ ሰው የፍሬን ጉብታዎቹንም ያውቃል። በሺህ የሚቆጠሩ ብስክሌቶች ከመታጠፊያ በፊት አንድ ቦታ ላይ ፍሬን ሲይዙ መሬቱ ይቦረቦርና ተከታታይ ጉብታ ይሆናል፤ ከሰዓት በኋላ ክንድ ያደነዝዛል። ሱፕሪም በእነዚህ ጉብታዎች ላይ ሁለት ጠባይ አለው። ፍሬኑን ለቅቄ ስገባ ዋጥ ዋጥ አድርጓቸው ያልፋል። የኋላ ፍሬን እንደያዝሁ ስገባ ግን የፍሬኑ ኃይል የቴላዮውን ኋላ ወደ ታች ይስበዋል፤ ብስክሌቱ ከኋላ ቁጢጥ ይላል፣ አሞርዛተሩም የሚሠራበት ቦታ ያጥረዋል። ቁጢጥ ማለቱ ቀጥ ባለ ገደል ላይ ይጠቅማል፤ ፊቱ አይደፋም፣ ሰው በመሪው ላይ አይወረወርም። በፕሌኔ ጉብታ ላይ ግን ያንገጫግጫል።

ፍርዴን የሠራሁት ከዚህ ነው። ብስክሌቱ የተነደፈው ፍሬን ቀድሞ ይዞ፣ ቀድሞ ለቅቆ፣ ትርምሱ ውስጥ በነጻ ጎማ ለሚገባ ሰው ነው። ባለሙያ ተወዳዳሪ እንዲህ ይነዳል። እንደ እኔ ያለው ደግሞ ሲፈራ ይይዛል፤ የሚፈራውም ትርምሱ ውስጥ ነው። ስለዚህ ያ የተወደሰ ቅስት እጅግ በሚያስፈልገኝ ቅጽበት፣ በገዛ ጣቴ አሥሬ እይዘዋለሁ። ወቅቱ እየገፋ ሲሄድ ከመታጠፊያው በፊት ባለው ለስላሳ ቦታ ላይ ፍሬን መጨረስን ተለማመድሁ፤ የፍሬን ሸራም በቶሎ ማለቁን ተወ። ብስክሌት አስተማሪ ሊሆን ይችላል ቢሉኝ አላምንም ነበር፤ ይህ ግን ጨካኝ አስተማሪ ነው።

በዝግታ ሲነዱት ደስ አይልም። የመሪው ቱቦ ከመሬት ጋር የሚሠራው ማዕዘን ወደ 63 ዲግሪ የተጋደመ፣ በሁለቱ ጎማዎች መካከል ያለው ርቀትም ረጅም ነው፤ የኋላው በሰመጠ ቁጥር ደግሞ ይበልጥ ይረዝማል። በፍጥነት ላይ ይህ እርጋታ ነው፤ ጠባብ መታጠፊያ ላይ ግን እንደ ከባድ መኪና ሰፊ ቦታ ይጠይቃል። ለዝላይ በተሠሩ ለስላሳ መስመሮች ላይም ከመሬት ለማንሣት ጉልበት ይፈልጋል። ልጆች በትናንሽ ብስክሌት እየዘለሉ ሲያልፉኝ ምንም አይመስለኝም፤ ድንጋዩ ሲጀምር እንገናኛለን።

የጎማው መጠን ለረጃጅሞች ያደላል። ደቡብ አፍሪካዊው ተወዳዳሪ ግሬግ ሚናር እ.ኤ.አ. በ2017 ስኮትላንድ ውስጥ ፎርት ዊልያም ላይ በ29 ኢንች ካሸነፈ ወዲህ ትልቁ ጎማ የቁልቁለቱን ዓለም ወረሰ፤ ሚናር ግን ቁመተ ረጅም ነው። እኔ 1 ሜትር ከ72 ነኝ። ገደል ላይ ወደ ኋላ ስለጠጥ የኋላ ጎማው ሱሪዬን ይነካዋል። ዓለም አቀፉ የብስክሌት ማኅበር እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ ከፊት ትልቅ ከኋላ ትንሽ ጎማ መቀላቀልን ስለፈቀደ ብዙ ተወዳዳሪዎች ወደዚያ ሄደዋል። ዛሬ ብገዛ እኔም ያንኑ እመርጥ ነበር።

አዲስ አበባ ያሉ ወዳጆቼ እንጦጦ ላይ ይሆናል ወይ ይሉኛል። መሬቱ ያምራል፤ ግን ከ3,000 ሜትር በላይ በሆነ ከፍታ ላይ፣ የገመድ ማመላለሻ በሌለበት፣ 7 ማርሽ ብቻ ያለውን 17 ኪሎ ብረት ማን ይገፋዋል? የሚጭን መኪና ያለው ወዳጅ ካላችሁ እሺ፤ ካልሆነ የጎማው መሸሻ 150 ሚሊሜትር ገደማ የሆነ፣ ዳገትም የሚወጣ የተራራ ብስክሌት ይበቃል።

ያገለገለ የምትገዙ ከሆነ ሰንሰለቱን አውርዱና መዘውሯን በጣታችሁ አዙሯት፤ ኩሽኔታዋ የሚንገጫገጭ ወይም ጥርሷ የሾለ ከሆነ ከዋጋው ላይ ቀንሱ። ከዚያ አሞርዛተሩን ከአንድ ጫፉ ፍቱና የኋላ ክንዱን ወደ ጎን ወዝውዙ፤ ጨዋታ ካለው የማጠፊያው ኩሽኔታ አልቋል። ሞላው ለሻጩ ክብደት የተመረጠ ስለሚሆን የእናንተን ክብደት ተናግራችሁ ሌላ ሞላ ጠይቁ። ሻጩ መለዋወጫ ሞላ ካለው ብዙ ጊዜ በነጻ ይጨምርላችኋል፤ ለእርሱ ምን ይሠራለታል?