ለዌስተርን ኤሌክትሪክ 500 ስልክ አዲስ መለዋወጫ ማዘዝ ወይስ የተበላሸ ስልክ ገዝቶ መፍታት?

እዚህ ዋሽንግተን አካባቢ ያሉ ወዳጆቼ ከያርድ ሴል (ሰው ያገለገለ ዕቃውን ግቢው ላይ አውጥቶ ከሚሸጥበት) ባለ ዙር መደወያውን ጥቁር ዌስተርን ኤሌክትሪክ 500 ስልክ እየገዙ «መለዋወጫውን ከየት እናምጣ?» ማለት ካበዙ ቆይተዋል። በእኔ በኩል አዲስ ተመሳስሎ የተሠራውን ዕቃ ትቶ ሁለተኛ የተበላሸ 500 መግዛት እንደሚሻል አልጠራጠርም፤ እዚህ አቋም ላይ የደረስኩት ግን ከከሰርኩ በኋላ ነው።

የመጀመሪያው ስልኬ የሚናገረውን ሰው ድምፅ አላስተላልፍ ሲለኝ አዲስ ማይክሮፎን በ14 ዶላር አዘዝኩ፤ የመላኪያው 8 ዶላር ሲጨመርበት 22 ደረሰ። ዕቃው ከማረፊያው በጥቂቱ ስለሚያንስ ውስጥ ያሉት የመዳብ ምላሶች በደንብ አይነኩትም ነበር። የሲጋራ ፓኮ ብልጭልጭ ወረቀት አጣጥፌ ከሥሩ ብሸጉጥበትም ድምፄ ከጉድጓድ እንደሚወጣ ሆኖ ቀረ። ከወር በኋላ ሽፋኑ የተሰነጠቀ ሌላ 500 በ15 ዶላር አገኘሁና በካቻቪቴ ስፈታው ማይክሮፎን፣ ማዳመጫ፣ መደወያ፣ ደወልና አንድ እፍኝ ብሎን ወጣልኝ። አራቱ ዋና ክፍሎች እያንዳንዳቸው አራት ዶላር እንኳ አልሞሉም፤ ማይክሮፎኑ ላይም 7-62፣ ማለትም በፈረንጆች ሐምሌ 1962 የተሠራ መሆኑ ታትሞበታል። መጀመሪያ ላይ እሱም ድምፁ የታፈነ ነበር፤ ይህ የሚሆነው በውስጡ ያለው የካርቦን ፍርፋሪ በዕድሜና በእርጥበት ሲጋገር ስለሆነ መዳፌ ላይ ደጋግሜ መታ መታ ሳደርገው ተለቀቀ።

የአሮጌው ዕቃ ጥንካሬ ምክንያት አለው። በዚያ ዘመን አሜሪካዊው ቤተሰብ ስልኩን ከቤል የስልክ ኩባንያ (ዌስተርን ኤሌክትሪክ የእሱ አምራች ክንፍ ነበር) የሚወስደው በኪራይ ስለነበር ሲበላሽ የጥገናውን ወጪ የሚሸከመው ኩባንያው ራሱ ነበር፤ ስለዚህም ቶሎ የማይበላሽና ክፍሎቹ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚዛወሩ ስልክ መሥራት ይጠቅመው ነበር። የዛሬው አስመሳይ ዕቃ አምራች ግን ከሸጠ በኋላ የሚያሳስበው ነገር የለም።

መደወያውን በተመለከተ «አዲስ» እየተባለ ሲሸጥ ያየሁት ጣት የሚገባበት የፕላስቲክ ቀለበት ብቻ ነው፤ የሚደክመው ግን ከጀርባው ያለው ማሽን ነው። 0 ደውላችሁ ስትለቁት ከአንድ ሰከንድ ብዙ ሳይዘገይ መመለስ አለበት፤ መደወያው ቁጥሩን የሚልከው መስመሩን በመቆራረጥ፣ ማለትም በምት ነው፤ 0 አሥር ምት ሲሆን በሰከንድ አሥር ምት ማውጣት ይጠበቅበታልና። ከዘገየ አሮጌው ዘይት ደርቆ ይሆናል፤ ጠርጎ አንድ ጠብታ ቀጭን ዘይት ማድረግ ብዙ ጊዜ ይበቃዋል። ቁጥሩን የማይቀበለው ስልኩ የተሰካበት የቤታችሁ የኢንተርኔት ሳጥን ከሆነ ግን የምት አደዋወልን የማያውቅ ሊሆን ስለሚችል የትኛውንም መለዋወጫ ብትገዙ አይፈታውም።

ለደወልማ ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ውስጡን ክፈቱ። አንድ ወዳጄ «ስልኩ አይጮህም» ብሎ በ20 ዶላር ደወል ሊያዝ ሲል ደረስኩበት። ከደወሉ የሚመጣው ጥቁር ሽቦ «ጂ» (G) ከሚለው ብሎን ሥር ታስሮ ነበር፤ ፈትተን የስልክ መስመሩ ወደሚታሰርበት «ኤል 1» (L1) ስናዛውረው ወዲያው ጮኸ። ወጪው ዜሮ ነው።

አዲስ እንዲገዛ የምፈቅደው ጥምዝምዙን የእጀታ ገመድ ብቻ ነው፤ የአሮጌው ልባስ ደርቆ ሲሰነጠቅ መጠገን አይቻልምና። 12 ዶላር ግድም ይበላል። ከማዘዛችሁ በፊት ግን የእናንተ ስልክ ገመድ በብሎን የሚታሰር ሹካ ጫፍ ያለው ይሁን ወይስ እንደ ኋለኞቹ ተሰክቶ ቀጭ የሚል፣ ሽፋኑን አንሥታችሁ እዩ፤ እኔ ሳላይ አዝዤ የማይገባ ገመድ መሳቢያዬ ውስጥ ተቀምጧል።