የታችኛው መንጋጋ ኢምፕላንት ከቦሌ እስከ ፒያሳ፦ አገልግሎቱ በነርቩ ሲለካ

ከቦሌ መድኃኔዓለም እስከ ካዛንቺስ፣ ከሜክሲኮ እስከ ፒያሳ ፎቆቹን ቀና ብሎ ላየ «ኢምፕላንት እንተክላለን» የሚል ሰሌዳ ብርቅ አይደለም። ኢምፕላንት በጎደለ ጥርስ ቦታ አጥንቱ ውስጥ የሚገባ፣ ሰው ሠራሽ ጥርስ የሚያርፍበት ብሎን ነው። በጉልህ የሚጻፈው ብዙውን ጊዜ የብሎኑ አገር ነው፤ የስዊዝ፣ የጀርመን፣ የኮሪያ። ደንበኛውም የሚጠይቀው ይህንኑና ዋጋውን ነው። ለላይኛው የፊት ጥርስ ሲሆን ይህ ብዙም አይከፋም። የታችኛው መንጋጋ ግን ውስጡ ነርቭ ያልፍበታል፤ የብሎኑ አገር ደግሞ ነርቩን አያድነውም። ስለዚህ እዚህ ላይ አገልግሎቱን የምንመዝነው በሁለት ነገር ነው፦ ክሊኒኩ አጥንቱን ከመብሳቱ በፊት ምን ያህል ለካ? ከበሳ በኋላስ በመጀመሪያው ቀን ምን ያህል ተከታተለ?

ነርቩ ከመንጋጋው የኋላ ክንፍ በውስጥ በኩል ገብቶ፣ በአጥንቱ መሃል እንደ ቧንቧ በተቦረቦረ መስመር ወደ ፊት ይመጣል። ከክራንቻ ቀጥለው ባሉት ሁለት ትንንሽ መንጋጋዎች ግድም በአገጭ ቀዳዳ ብቅ ይልና ለታችኛው ከንፈር፣ ለአገጭ ቆዳና ለፊተኛው ድድ ስሜት ያድላል። የሚያድለው ስሜት ብቻ ነው፤ ከንፈርን የሚያንቀሳቅሰው ሌላ ነርቭ ነው። በዚህ ምክንያት የተጎዳው ሰው ፊቱ አይጣመምም፣ መስተዋት ፊት ቢቆምም ምንም አይታይበትም። «ደህና እኮ ነህ» የሚባለውም ለዚህ ነው። እሱ ግን የሲኒው ጠርዝ ከንፈሩ ላይ የት እንዳረፈ አያውቅም፤ ቡናው ሲያቃጥለው የሚነግረው ምላሱ ነው። ወጥ አገጩ ላይ ቀርቶ ሌላ ሰው ያሳየዋል፣ ሲጎርስ ከንፈሩን ይነክሳል፣ ሲላጭ ይቆርጠዋል። ጉንዳን የሚሄድበት የሚመስለውም አለ። ከሁሉም የሚከፋው ግን ከመደንዘዝ አልፎ የሚያቃጥለው ነው፤ ነፋስ፣ የነጠላ ጫፍ፣ የጥርስ ብሩሽ በነካው ቁጥር እንደ እሳት የሚሰማው ሰው ከደነዘዘበት ሰው ይልቅ ሕይወቱ ይታወካል።

ወደ ልኬቱ እንግባ፤ የአገልግሎቱ ግማሽ ዋጋ ያለው እዚህ ነው። መንጋጋውን ሁሉ በአንድ ምስል የሚያሳየው ፓኖራሚክ ራጅ ርካሽና ፈጣን ነው፤ ለመጀመሪያ ምርመራ ይበቃል። ነገር ግን ምስሉን ያጎላዋል። ብዙ ጊዜ ሩብ ያህል ተብሎ ይታሰባል፣ እሱም ከቦታ ቦታ እኩል አይደለም። የአጥንቱን ውፍረት ደግሞ ጨርሶ አያሳይም። ሒሳቡ እንዲህ ነው፦ በምስሉ ላይ ከአጥንቱ አናት እስከ ነርቩ መስመር 15 ሚሊሜትር ቢነበብና ጉላቱ 25 በመቶ ቢሆን፣ እውነተኛው ርቀት 12 ነው። 15ቱን አምኖ፣ 2 ሚሊሜትር አስተርፌያለሁ ብሎ 13 ሚሊሜትር ብሎን የመረጠ ሐኪም አጥንቱን ሲበሳ የመሰርሰሪያው ሹል ጫፍ ሌላ 1 ሚሊሜትር ይጨምርበታል። በብዙ አምራቾች ዘንድ ያ ጫፍ መሰርሰሪያው ላይ ካለው የጥልቀት ምልክት ውጭ የሚቆጠር ነው። ድምሩ 14 መጣ ማለት ነው፤ ከመስመሩ ጣሪያ 2 ሚሊሜትር አልፎ። መስመሩ ራሱ ስፋቱ 3 ሚሊሜትር ገደማ ስለሆነ ጉዳቱን መገመት አያስቸግርም። በትክክል የተሰላ ቢሆን ከ12ቱ ላይ 2 ለጥንቃቄ፣ 1 ለጫፉ ተቀንሶ 9 ይቀራል፤ የሚመረጠውም 8 ወይም 8.5 ነው።

ፓኖራሚክ ብቻ ያለው ክሊኒክ ቢያንስ ወርዷ 5 ሚሊሜትር የሆነች የብረት ኳስ ጥርሱ በጎደለበት ቦታ አስቀምጦ ያንሳ። ኳሷ በምስሉ ላይ 6.25 ሆና ከተለካች ጉላቱ 1.25 ነው፤ ግምት አያስፈልግም። ከትንንሾቹ መንጋጋዎች ጀምሮ ወደ ኋላ ላለው ቦታ ግን ትክክለኛው መሣሪያ ባለ ሦስት አቅጣጫው ራጅ፣ ሐኪሞቹ ሲቢሲቲ የሚሉት ነው። ማሽኑ ክሊኒኩ ውስጥ ባይኖርም ነውር የለውም፤ ሌላ ቦታ ልኮ ማስነሳት የተለመደ ነው። ነውሩ ፋይሉ በፍላሽ መጥቶ ማንም ሳይከፍተው መሳቢያ ውስጥ መቅረቱ ነው። «የነርቩን መስመር ምልክት አድርገው ያሳዩኝ» ማለት የደንበኛው መብት ነው፤ ለክቶ የሠራ ሐኪም ኮምፒውተሩን ዞር አድርጎ ለማሳየት ሁለት ደቂቃ አይፈጅበትም።

ጥርሱን ካስነቀለ ብዙ ዓመት የሆነው ሰው የበለጠ ይጠንቀቅ። ጥርስ የሌለበት አጥንት ከላይ እየሟሸሸ ይወርዳል፣ ነርቩ ግን ባለበት ይቆያል። አንዳንዱ ሰው ላይ የአገጩ ቀዳዳ የአጥንቱ አናት ላይ ደርሶ ይገኛል፤ እዚያ ላይ ድዱን ለመክፈት የሚገባ ምላጭ ራሱ ነርቩን ሊቆርጥ ይችላል። ሌላም ወጥመድ አለ፦ ነርቩ ከቀዳዳው ከመውጣቱ በፊት ጥቂት ሚሊሜትር ወደ ፊት አልፎ ተመልሶ የሚታጠፍበት ሰው አለ። «ከቀዳዳው ፊት ነኝ፣ ደህና ነኝ» ያለ ሐኪም እጥፋቱን ሊመታው ይችላል። ጥርሱ እንደተነቀለ ወዲያው መትከልም ምቾት አለው ተብሎ በሰፊው ይወደሳል፤ ነገር ግን ብሎኑ ጠብቆ እንዲቆም ከሥሩ ጫፍ በታች ከ3 እስከ 4 ሚሊሜትር መውረድ ስለሚፈልግ፣ በእነዚያ በትንንሾቹ መንጋጋዎች ቦታ ላይ በቀጥታ ወደ ቀዳዳው ያመራል።

አበሳሱ ላይ ብዙ አንቆይም። መሰርሰሪያው ላይ የሚገጠም ማቆሚያ ቀለበት መኖሩን ይጠይቁ፤ በሲቢሲቲው ልክ የታተመ፣ መሰርሰሪያውን የሚመራ ቅርጽ ካለ ደግሞ የተሻለ። በቀጭኑ መሰርሰሪያ ግማሽ መንገድ ተሄዶ፣ ቀዳዳው ውስጥ ዘንግ ተጨምሮ ትንሽ ራጅ ቢነሳ ስህተቱ ገና ሳይደርስ ይታያል። የጨው ውኃው ሳይቋረጥ መፍሰስ አለበት፤ አጥንት 47 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ለአንድ ደቂቃ ከቆየ ይጎዳል፣ መሰርሰሪያው ሳይነካውም ሙቀቱ ነርቩን ሊያገኘው ይችላል። የደነዘ መሰርሰሪያ ከሹሉ ይበልጥ ያሞቃል። (መብራት ሲሄድ ሞተሩና የውኃው ፓምፕ ምን ላይ እንደሚሠሩ መጠየቅም በእኛ ከተማ ቅንጦት አይደለም።) ሐኪሙ እጁ ድንገት ባዶ ውስጥ የገባ ያህል ከተሰማው፣ ከቀዳዳው ደም ከፈነዳ፣ ወይም ታካሚው ከንፈሩ ላይ ኤሌክትሪክ እንደነዘረው ከተናገረ፣ ያን ቀን ብሎን አይገባም። ቆሞ ራጅ ማንሳት ብቻ ነው።

ከሁሉ በላይ ክሊኒክን ከክሊኒክ የሚለየው ከዚህ በኋላ ያለው ቀን ነው። ሊዶካይን በሚባለው ማደንዘዣ የደነዘዘ ከንፈር አብዛኛውን ጊዜ ከ3 እስከ 5 ሰዓት ውስጥ ይለቃል፤ በቡፒቫካይን ከሆነ ግማሽ ቀን ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ የተወጋው መድኃኒት ስምና መጠን ካርዱ ላይ መጻፉ የወግ ጉዳይ አይደለም፣ ሰዓቱ የሚቆጠረው ከእሱ ነው። ጥሩ ክሊኒክ ማታ ወይም በማግስቱ ጠዋት ራሱ ይደውላል፤ የሚጠይቀውም «አመመህ?» ብቻ ሳይሆን «ከንፈርህ ተመለሰ?» ብሎ ነው። በማግስቱ ከንፈሩ አሁንም እንደ እንጨት ለሆነ ሰው «ማደንዘዣው ነው፣ ይለቅሃል፣ ሳምንት ጠብቅ» የሚል መልስ ከሰጠ፣ የቀረው አገልግሎቱ ምንም ያህል ቢያምር ከዝርዝራችን ይወጣል።

ምክንያቱም ሰዓቱ አጭር ነው። ምስሉ ብሎኑ መስመሩን እንደነካ ወይም እንደተጫነ ካሳየ፣ ብሎኑ ከተተከለ በ24፣ ቢዘገይ በ36 ሰዓት ውስጥ ቢወጣ ነርቩ የማገገም ዕድሉ የተሻለ ነው። ከዚያ በኋላ ማውጣቱ የሚጠቅመው እየቀነሰ ይሄዳል፤ ብሎኑም አጥንቱን ይዞ ይጠነክራል። ጥቂት ዙር ወደ ኋላ ፈታ አድርጎ መተው ከማውጣት ጋር እኩል ተደርጎ መቆጠር የለበትም። ብሎኑ ርቆ ከተገኘና መደንዘዙ ከእብጠት ወይም ከደም መጠራቀም ከመጣ ደግሞ አጭር የስቴሮይድ ኮርስና እንደ ኢቡፕሮፌን ያለ ፀረ እብጠት ይታዘዛል። ስኳር፣ የጨጓራ ቁስለት ወይም የኩላሊት ሕመም ያለበት ሰው ይህን አስቀድሞ ሊናገር ይገባል፤ ስቴሮይድ ስኳሩን ከፍ ያደርገዋል፣ ኢቡፕሮፌንም ጨጓራውንና ኩላሊቱን ይጎዳበታል። እዚህ ከተማ ነርቭ በተባለ ቁጥር የሚመጣው የቢ ቫይታሚን መርፌ ነው። በመጠኑ ከተወሰደ ብዙም አይጎዳ፤ ጉዳቱ ብሎኑ ሊወጣ ይገባ የነበረበት ሰዓት መርፌ ሲጠበቅ ማለፉ ነው።

ከዚያ ወዲያ ያለው ክትትል ውድ መሣሪያ አይጠይቅም። ዓይን ተጨፍኖ በጥጥ ጭረት ይነካል፣ በሹልና በድፍን ጫፍ ይሞከራል፣ ሁለት ነጥቦች እንደ ሁለት የሚሰሙበት ትንሹ ርቀት ካሊፐር በሚባለው መለኪያ ይለካል፣ ብርድና ሙቀት ይፈተናል፤ ሁሉም ከደህናው ወገን ጋር እየተነጻጸረ። የደነዘዘው ቦታ ዳር በብዕር ቆዳው ላይ ተሰምሮ ፎቶ ይነሳል፣ ቀኑ ይጻፋል። በሳምንቱ፣ በወሩና በሦስተኛው ወር ሲደገም መጥበቡ ወይም አለመጥበቡ ከወሬ ወጥቶ በዓይን ይታያል። ነርቩ ተጨፍልቆ ብቻ ከሆነ በቀናት ወይም በሳምንታት ይመለሳል፤ የውስጡ ክሮች ተበጥሰው ሽፋኑ ከተረፈ በቀን 1 ሚሊሜትር ገደማ እያደገ ወራት ይፈጃል፤ ጨርሶ ከተቆረጠ ብቻውን በደንብ አይገጥምም። በመሃል የሚመጣው ውርር ማለት ብዙውን ጊዜ የመመለስ ምልክት ስለሆነ አያስደነግጥ። በሦስት ወር ምንም ለውጥ ከሌለ ግን ወደ አፍና መንጋጋ ቀዶ ሐኪም መላክ አለበት። የሚያቃጥለው ዓይነት ሕመም ደግሞ የነርቭ ሐኪም ሥራ ነው፤ ጋባፔንቲን፣ ፕሪጋባሊን ወይም አሚትሪፕቲሊን ይሰጥበታል። ሕመሙን ለማስታገስ ተብሎ ጎረቤት ጥርስ መንቀል አንድ ስህተት ላይ ሌላ መጨመር ነው።

ዋስትናውን በተመለከተ፦ «የዕድሜ ልክ» የሚባለው በአብዛኛው ለብረቱ ነው፤ ከንፈርን አይመለከትም። የሚያስተማምነው ወረቀት ሌላ ነው። የብሎኑ ተለጣፊ ከነአምራቹ፣ ርዝመቱ፣ ውፍረቱና የምርት ቁጥሩ፤ የሲቢሲቲው ፋይል በፍላሽ፤ የስምምነት ፎርሙም በአማርኛ ሆኖ «የከንፈርና የአገጭ ስሜት ለጊዜው ወይም ለዘለቄታው ሊጠፋ ይችላል» ብሎ በግልጽ የጻፈ። ፎርሙን ተራ መጠበቂያው ላይ በጥድፊያ ማስፈረም ማስረዳት አይደለም።

ከፍተኛውን ነጥብ የምንሰጠው «እዚህ ቦታ ላይ አንተክልም» ማለት ለሚችል ክሊኒክ ነው። አጥንቱ ካጠረ 6 ሚሊሜትር አጭር ብሎን አለ፣ በጎንና በጎን ባሉት ጥርሶች ላይ የሚያርፍ ብሪጅ አለ፣ የሚወልቅ ጥርስም አለ። ነርቩን ከመስመሩ አውጥቶ ወደ ጎን በማዞር ቦታ መፍጠርም ይቻላል፤ ግን ራሱ መደንዘዝን በብዛት የሚያስከትል ሥራ ስለሆነ ለአንድ መንጋጋ ጥርስ ተብሎ የሚገባበት አይደለም።

ቀጠሮው የሚያዝበት ቀንም የአገልግሎቱ አካል ነው። ሰኞ ወይም ማክሰኞ ጠዋት ይሁን። አርብ ከሰዓት ወይም የበዓል ዋዜማ የተተከለ ብሎን 36 ሰዓቱ የሚያልቀው ክሊኒኩ ተዘግቶ፣ የሐኪሙም ስልክ ጠፍቶ ነው። ከክፍለ ሀገር የመጣ ሰው ደግሞ ሁለት ሌሊት እዚሁ ይደር፤ የመመለሻ ትኬቱን የሚቆርጠው ከንፈሩ ከተመለሰ በኋላ ይሁን።