ከመስኮቱ ሳይሆን ከጓዳው ግዙ፦ የስፔን ቀይ ወይን በአዳማ

ስለ አንድ የአዳማ መጠጥ መሸጫ ነው የምጽፈው። ስሙን አልጠራም፤ ግማሹ ወቀሳ ነውና። ግን ዝም ብዬ የማልፈውም አይደለም። የስፔን ቀይ ወይን በዚህ ዓይነት ምርጫ ይዞ ያገኘሁት እሱን ነው። ሪዮሃ አለ፣ ሪቤራ ዴል ዱዌሮ አለ (ሁለቱም በተመረተበት አካባቢ ስም የሚጠሩ ናቸው)፣ ከሁሚያ አካባቢ የመጣ፣ ሞናስትሬል ከሚባል የወይን ዘር የተሠራም አለ። አንገቱ ላይ ትንሽ የፕላስቲክ በሬ የተንጠለጠለበት ሳንግሬ ደ ቶሮ የሚባለውም አለ። (በሬውን ልጆች ሳያዩት አውልቁት፤ አለዚያ ጠርሙሱ ሳይከፈት ጠብ ይነሳል።)

ችግሩ አቀማመጡ ነው። ውድ ውዱ ሁሉ መስኮት ላይ ነው፣ ያውም ቆሞ፣ ያውም የከሰዓት ፀሐይ ፊት ለፊት በሚመታው ቦታ። አንዱን ግራን ሪዘርቫ (ከመሸጡ በፊት ረጅሙን ጊዜ የሚቆየው ደረጃ ነው) አነሳሁት። ጠርሙሱ ሞቅ ብሏል። የፊት ወረቀቱ ቀለም ለቆ ሮዝ ሆኗል። ቡሹ ወደ ላይ ገፍቶ አንገቱን የሸፈነውን ቆርቆሮ አሳብጦታል፤ ከሥሩም የደረቀ የወይን ጠብታ ይታያል። ዋጋው ደግሞ አይወራ። ይህንን ለሻጩ ልጅ ሳሳየው ፈገግ ብሎ «ጋሼ፣ ወይን እኮ በቆየ ቁጥር ነው የሚጥመው» አለኝ።

ልጁ ጨዋ ነው፤ አባባሉ ግን ብዙ ሰው ኪስ ገብቷል። ዓለም ላይ ከሚሸጠው ወይን አብዛኛው በአንድ ሁለት ዓመት ውስጥ እንዲጠጣ ነው የሚሠራው። ለመቆየት የተሠራውም ቢሆን የሚቆየው በቀዝቃዛና በጨለማ ቦታ ነው፤ ከ12 እስከ 14 ዲግሪ፣ ሙቀቱ ከፍ ዝቅ ሳይል፣ ጠርሙሱ ተጋድሞ ቡሹ እንዳይደርቅ። የአዳማ መስኮት ላይ የቆመ ወይን አይበስልም፣ ይቀቀላል። ሙቀት ሲበዛ ፈሳሹ ይለጠጥና ቡሹን ይገፋል፤ ሲበርድ ይሰበሰብና አየር ይስባል። ያ ነው ቡሹን ያስወጣው።

የስፔን ወይን ደግሞ በተለይ ይህን ስቃይ አያስፈልገውም። የማቆየቱን ሥራ እነሱው ጨርሰው ነው የሚልኩት። በሪዮሃ ደንብ ክሪያንሳ ቢያንስ 2 ዓመት ይቆያል፣ ከዚያ ውስጥ ቢያንስ 1 ዓመት በኦክ እንጨት በርሜል። ሪዘርቫ 3 ዓመት ነው፤ ቢያንስ 1 ዓመት በበርሜል፣ 6 ወር ደግሞ በጠርሙስ። ግራን ሪዘርቫ 5 ዓመት ነው፤ ቢያንስ 2 በበርሜል፣ 2 በጠርሙስ። ስለዚህ እጃችሁ ሲገባ ለመጠጣት የደረሰ ነው። ስትገዙ ጀርባው ላይ ያለችውን ትንሽ ማኅተም እዩ፦ ቀይ ከሆነች ክሪያንሳ፣ ጠቆር ያለ ቀይ ሪዘርቫ፣ ሰማያዊ ግራን ሪዘርቫ ነው። አረንጓዴዋ እነዚህን የዕድሜ ደረጃዎች ለማይከተለው ናት። ሻጩ ምንም ቢላችሁ ማኅተሟ ትመሰክራለች።

አሁን ወደ ምስጋናው። ከኋላ ጓዳ አላቸው። መስኮት የለውም፣ ወለሉ ሲሚንቶ ነው፣ ካርቶኖቹ ተጋድመው ተደርድረዋል፤ ስትገቡ ልዩነቱ በቆዳችሁ ይታወቃችኋል። እዚያ ያለው በአብዛኛው ክሪያንሳና ርካሹ ነው፤ ስለማይታይ ማንም አይጠይቀውም። «ከጓዳ አምጣልኝ» ማለት ብቻ ነው። ልጁ ሳያጉረመርም ሄዶ ያመጣል።

የሪዮሃ ክሪያንሳውን ወሰድኩ። የጠርሙሱ ወረቀት በክፍል ሙቀት ይጠጣ ካለ አትስሙት። አዳማ ላይ የክፍል ሙቀት ማለት ሌላ ነገር ነው። ፍሪጅ ውስጥ አስገብታችሁ 16፣ 17 ዲግሪ አካባቢ ሲሆን ቅዱት። መጀመሪያ እንጆሪና ፕሪም ይሸታል፣ ትንሽ ሲቆይ ቫኒላና ኮኮናት ይመጣል። ይሄኛው ከአሜሪካ ኦክ የሚመጣ ነው፤ ሪዮሃዎች ከድሮ ጀምሮ ይወዱታል። አፍ ላይ ለስላሳ ነው፣ ምላስ አይይዝም፣ ሲዋጥ ትንሽ ኮምጠጥ ብሎ ሌላ ጉርሻ ያስናፍቃል። ከሽክላ ጥብስ ጋር ሞከርኩት፤ ስቡና ጨው ያለበት ሥጋ ወይኑን ሲያጣፍጠው ማየት ነው። ለዋጋው ከዚህ የተሻለ አላገኘሁም።

ሪቤራ ዴል ዱዌሮው ሌላ ባህርይ አለው። የወይኑ ዘር ያው እንደ ሪዮሃው ቴምፕራኒዮ የሚባለው ነው፣ ግን የሚበቅለው 800፣ 900 ሜትር ከፍታ ላይ፣ ቀኑ በሚያቃጥልበት ሌሊቱ በሚበርድበት አገር ነው። ጠቆር ይላል፣ ይከብዳል። ቅጠሉ ውስጡ ረስተውት እንደቆየ ሻይ ድድ ያደርቃል። እንደከፈታችሁት አትጠጡት፤ ማንቆርቆሪያ ውስጥም ቢሆን ገልብጡትና አንድ ሰዓት ያህል አየር ይምታው። ይሄ ነው፣ ቦታ ካላችሁ፣ ጥቂት ዓመት ማስቀመጥ የሚያስኬደው።

የመስኮቱን ግራን ሪዘርቫ ደግሞ አንድ ወዳጄ ለቤት ምርቃት ገዝቶት ቀመስነው። ቀለሙ ቡኒ ሆኗል፣ ሽታው የተቀቀለ ዘቢብ ነው፣ ጣዕሙ አፍ ላይ እንደገባ ያልቃል። ባለቤቱ እንግዳ ፊት «ጥሩ ነው አይደል?» ሲል ሁላችንም አዎ አልን። ምን እንላለን?

ምግብ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ዶሮ ወጥና ሪቤራ አታገናኙ። በርበሬው፣ 14 ከመቶ አካባቢ ያለው አልኮልና ያ ድድ የሚያደርቅ ነገር አንድ ላይ ሲመጡ አፍ ይነዳል። ለወጥ ባለበሬው ይሻላል፤ አብዛኛው ጋርናቻ የሚባል የወይን ዘር ነው፣ ፍሬው ያመዝናል፣ በረድ አድርጋችሁ ጠጡት። ለብ ለብ ክትፎ ከክሪያንሳ ጋር ይሄዳል፣ ሚጥሚጣው ካልበዛ።

ማስቀመጥ ለምትፈልጉ፣ እባካችሁ ሳሎን ቡፌ ላይ ከቴሌቪዥኑ ጎን አታቁሙት። ፍሪጅ አናት ላይማ ጭራሽ፤ ሞተሩ ያሞቀዋል፣ ይንቀጠቀጣል። ከውጭ ግድግዳ የራቀ ቁም ሳጥን ታች፣ በካርቶን፣ አጋድማችሁ። እሱም ለወራት እንጂ ለዓመታት አይሆንም። የወይን ፍሪጅ የገዙ ሰዎች አውቃለሁ፤ ደስ ይላል፣ መብራት ሲጠፋ ግን እሱም ቁም ሳጥን ነው።

ወደ ሱቁ ስመለስ፦ መስተንግዶው ጥሩ ነው፣ ደረሰኝ ሳይለመኑ ይሰጣሉ፣ ቡሽ መክፈቻም ይሸጣሉ (ባለሁለት ክንዱን ውሰዱ፣ ርካሹ ቡሹን ይቆርሰዋል)። የተበላሸ ጠርሙስ ይቀይሩ እንደሆነ ጠየቅሁ። ሳይጋመስ ከነቡሹ ካመጣችሁ እንቀይራለን ብለዋል። የመስኮቱን ግን አይጨምርም አሉ፤ እነሱም ያውቁታል ማለት ነው። ከ5 ኮከብ ለጓዳው 4፣ ለመስኮቱ 1።